የዶልፊን የፊት መብራት ደክሞብኛል፤ አምፖል ልቀይር ወይስ ሌላ ነገር አለ?

የዳሞቱ (ቡሬ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ዶልፊን ሚኒባስ አለችኝ፣ የቶዮታ 5ኤል ሞተር ያላት። ከቡሬ ተነስቼ ፍኖተ ሰላም፣ ደምበጫ፣ ማርቆስ እያልኩ አንዳንዴም እስከ ደጀን እሠራለሁ። ሰውም ዕቃም እጭናለሁ። ሞተሩ ምንም አይለውም። መብራቱ ግን ከክረምት ወዲህ አልሆነልኝም። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስወጣ አጭሩ መብራት የሚያሳየኝ አፍንጫዬ ስር ያለውን ብቻ ነው። ዝናብ የጠጣ አስፋልት ላይማ ጭራሽ ያበራሁም አይመስል። የገበያ ቀን ሲሆን መንገድ ዳር አህያ የሚነዳ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ጋቢ ተከናንቦ የሚሄድ አለ። ጋቢው ነጭ ስለሆነ ይታየኛል። አህያውንና ጋሪውን ግን የማየው አጠገባቸው ስደርስ ነው። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ሱቅ ገብቼ ጠየቅሁ። አንዱ «200 ዋት ኤልኢዲ ግጠም፣ ሌሊቱ ቀን ይሆንልሃል» አለኝ። ሌላው ዜኖን ይሻላል አለ። ጓደኛዬ ደግሞ ባለ 100 ዋቱን ሃሎጅን፣ የተለመደውን ባለ ክር አምፖል፣ ግዛና ገላገል በል ይላል። የቱን ልስማ? አምፖሉ ባለ ሶስት እግሩ ኤች ፎር ነው።

መብራት ሠሪው (ደብረ ማርቆስ)

ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትግዛ። መብራት ደከመብኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ጥፋቱ የአምፖሉ ሆኖ የሚገኘው ግን አልፎ አልፎ ነው። መጀመሪያ ብርሃኑ የት እንደሚቀር እንፈልግ።

ቀን ላይ መኪናዋ ፊት ቁም። የመብራቱን መስታወት በጥፍርህ ነካ ነካ አድርገው። ድምፁ ደንዘዝ ካለ ፕላስቲክ ነው። ጥርት ያለ ከሆነ እውነተኛ መስታወት ነው። ፕላስቲክ ከሆነ፣ ቢጫ ሆኗል? ጉም የመሰለ ነገር ላዩ ላይ አለ? ይሄን የሚያደርገው ፀሐይ ነው። ፕላስቲኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ጨረር የሚከላከል ስስ ሽፋን ይቀባል። ሽፋኑ ሲያልቅ ፕላስቲኩ ራሱ ይቃጠላል። የእኛ አገር ደጋ ስለሆነ ጨረሩ ይበረታል። አሜሪካ ያለው ትሪፕል ኤ የሚባለው የባለ መኪኖች ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. ይሄን አስለክቶ ነበር። ክፉኛ የደበዘዘ መብራት የሚሰጠው ብርሃን፣ አዲሱ ከሚሰጠው 20 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከአምስት እጅ አራቱ መንገድ ላይ አይደርስም ማለት ነው። እንዲህ ባለ መስታወት ላይ የፈለግኸውን አምፖል ብትገጥም ብርሃኑ ይበተናል እንጂ ወደ ፊት አይሄድም።

እውነተኛ መስታወት ከሆነ ደግሞ ውስጡን እየው። የሚያብለጨልጨው አንጸባራቂ ጠቁሯል? ተላልጧል? አቧራ ካለበት በጨርቅ እንዳትጠርገው። ብርማው ቅብ በጣም ስስ ስለሆነ ከጨርቁ ጋር ይነሳል። የጠቆረ አንጸባራቂ አይድንም፤ የመብራቱን ቤት በሙሉ መቀየር ነው።

ቀጥሎ ቮልት። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ፈልግ። ሞተሩን አስነሳ፣ አጭሩን መብራት አብራ፣ መጀመሪያ ባትሪው ላይ ለካ። ከዚያ ሶኬቱ ሳይነቀል፣ አምፖሉ እየበራ፣ ከሶኬቱ ጀርባ በኩል እግሮቹ ላይ ለካ። ሶኬቱን ነቅለህ ብትለካ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ያታልልሃል። ገመዱ ድክመቱን የሚያሳየው ሲሠራ ብቻ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች እዚህ ጻፍልን። የሃሎጅን ብርሃን ከቮልቱ ፈጥኖ ነው የሚወድቀው። ቮልቱ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ከዚያ ማታ ወደ ግድግዳ። ሜዳ ቦታ ምረጥ፣ የጎማ ንፋስህን አስተካክል፣ ግድግዳው ድረስ ጠጋ በል። የሁለቱን መብራቶች መሃል በጠመኔ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርግ። ቀጥ ብለህ 5 ሜትር ወደ ኋላ ተመለስና አጭሩን አብራ። ከላይ ጨለማ፣ ከታች ብርሃን ሆኖ በመሃል ቁርጥ ያለ መስመር ማየት አለብህ። መስመሩ ከምልክቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ደግሞም መስመሩ በአንድ በኩል ተነስቶ ሽቅብ ይሄዳል። ወደ የትኛው በኩል እንደሚነሳ በደንብ እይ። ለእኛ መንገድ መነሳት ያለበት ወደ ቀኝ፣ ወደ መንገዱ ዳር ነው።

መስታወቱ ላይ በክብ ውስጥ ኢ (E) የሚል ምልክትና ቁጥር ካለ፣ አጠገቡ ቀስት ፈልግ። ፊት ለፊት ቆመህ ስታየው ወደ ቀኝህ የሚያመለክት ቀስት ካለው፣ ያ መብራት የተሠራው በግራ ለሚነዳ አገር ነው። ቀስት ከሌለው ለእኛ ዓይነት መንገድ ነው። ሁለት ጫፍ ያለው ቀስት ከሆነ ለሁለቱም ይስተካከላል።

ባለ አባዱላ (ባሕር ዳር)

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? እኔ ኤልኢዲ ገጥሜያለሁ፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ነጭ ጥርት ያለ ብርሃን። ዲናሞውንም አያስቸግርም። ከባሕር ዳር መርዓዊ፣ ዳንግላ ድረስ ማታ እመላለሳለሁ፤ ፊቴ ያለው አስፋልት ወለል ብሎ ነው የሚታየኝ። ሰውየው የጠየቀው አጭር ጥያቄ ነው፤ ግጠምና ተገላገል።

ባለ ተሳቢው

ባለ አባዱላ፣ ወንድሜ፣ በክፉ አትየው። እኔ ከፊት ለፊትህ ከሚመጡት አንዱ ነኝ።

የዓባይን በረሃ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጎሃ ጽዮን ወርደህ ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ደጀን ስትወጣ መንገዱ ጥምዝ በጥምዝ ነው። በአንድ በኩል ገደል። ጭኜ በዝግታ እየወጣሁ ነው እንበል። ከላይ አንድ ሚኒባስ ነጭ መብራቱን ለቅቆ ይመጣል። አጭሩን ነው ያበራው፣ ረጅሙን አይደለም። እጄን አውጥቼ ብለምነው ምን ይቀንሳል? አጭሩ ነዋ። ካለፈ በኋላ ዓይኔ እስኪመለስ ድረስ የማየው ነገር የለም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። ዓይን ለአምስት ሰከንድ ከጠፋ 55 ሜትር በጭፍን ተነዳ ማለት ነው። እዚያ መንገድ ላይ 55 ሜትር ውስጥ ስንት ነገር አለ? የተበላሸ ሲኖትራክ ጎኑን ሰጥቶ የሚቆምበት ነው። ድንጋይ ለጎማ ማስደገፊያ አድርገው ሳያነሱት የሚሄዱበት ነው።

ኤልኢዲ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ሥራውን አውቆ የገጠመና ዝም ብሎ የሰካ ግን ከሩቅ ይለያሉ።

መብራት ሠሪው (ደብረ ማርቆስ)

ባለ ተሳቢው ያለው ትክክል ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

ኤች ፎር አምፖልን በእጅህ ይዘህ እየው። መስታወቱን በጣት አትንካ፣ የጣት ቅባት ሲሞቅ ያቃጥለዋል። ውስጡ ሁለት ክሮች አሉ። አንዱ ለረጅሙ፣ አንዱ ለአጭሩ። ከአጭሩ ክር ስር ደግሞ ትንሽዬ የብረት ጽዋ አለች። ብርሃኑ ወደ አንጸባራቂው የታችኛው ግማሽ እንዳይሄድ ትከልላለች። ያቺ ቁርጥ ያለች መስመር የምትመጣው ከዚህ ነው። ክሩ በሚሊ ሜትር ቢዛነፍ መስመሩ ይበላሻል። መብራቱ ሲሠራ ክሩ የት እንደሚቀመጥ ታስቦበት ነው የተሠራው።

ኤልኢዲ ላይ ክር የለም። ግራና ቀኝ የተለጠፉ ቺፖች ናቸው። ቺፖቹ ልክ ክሩ ባለበት ቦታ፣ ልክ በክሩ መጠን ካልተቀመጡ፣ ወይም ጽዋዋን የሚተካ ከለላ ከሌላቸው ብርሃኑ ወደ ላይ ይረጫል። ጀርመን አገር ኦስራም በ2020 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጋዊ ፈቃድ ያገኘ የሃሎጅን መተኪያ ኤልኢዲ ሲያወጣ እንኳ የተፈቀደለት ለተለዩ የመኪና ሞዴሎች ብቻ ነበር። እያንዳንዱ የመብራት ቤት ለየብቻው መፈተን አለበት ማለት ነው።

«200 ዋት» የሚለውን ካርቶን ላይ ያለ ጽሑፍ እርሳው። በመሣሪያ ስትለካው የብዙዎቹ አንድ አምፖል ከ20 እስከ 40 ዋት ነው የሚስበው። ያ ሁሉ ዋት እውነት ቢሆን ኖሮ ያቺ የጣት ቁመት ያህል ማራገቢያ አታቀዘቅዘውም ነበር።

ባለ አባዱላ፣ «ፊቴ ያለው አስፋልት ወለል ብሎ ይታየኛል» ያልከው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። መብራት የሚመዘነው ቅርብ ባለው ብሩህነት አይደለም። ቅርቡ በጣም ሲበራ የዓይን ብሌን ይጠብባል፣ ሩቁ ይጨልምብሃል። ሹፌር ግን የሚያስፈልገው ሩቁ ነው። እንዲህ ሞክረው። መኪና የማይበዛበት ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ረዳትህን ግራጫ ጆንያ አስይዘህ በቀኝ ዳር ወደ ፊት ይሂድ። አንተ አጭሩን አብርተህ ቁጭ በል። ጆንያው ከዓይንህ የጠፋበትን ቦታ በእርምጃ ለካው። ከዚያ ሃሎጅኑን መልሰህ ድገመው። ያኔ እንነጋገራለን።

ባለ አባዱላ (ባሕር ዳር)

እሺ፣ የጆንያውን ነገር እሞክረዋለሁ። ግድግዳውንም አያለሁ። መስመሩ ካልተቆረጠ አወጣዋለሁ፣ ችግር የለም። ግን ዜኖንስ? ባለ 100 ዋቱስ? እነሱንም አስረዳው እንጂ።

መብራት ሠሪው (ደብረ ማርቆስ)

ዜኖን ሲመጣ የራሱ ቤት አለው። ከፋብሪካው ዜኖን ሆኖ የተሠራ መኪና ላይ ግሩም ነገር ነው። ለሃሎጅን በተሠራ ቤት ውስጥ ሲገባ ግን ከኤልኢዲው የባሰ ይረጫል፣ ብርሃኑ ብዙ ነዋ። ደግሞም ሙሉ ብርሃኑን ለመስጠት ሰከንዶች ይፈጃል።

ባለ 100 ዋቱን ጠረጴዛዬ ላይ ካለው አንድ ሶኬት ተረዱት። ነጭ የነበረው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኗል። አንዱ እግር ዙሪያውን ቀልጦ መዳቡ ወጥቷል፣ ስትነካው እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ከፋብሪካው የወጣው ገመድ የተዘጋጀው ለ55 እና ለ60 ዋት ነው። ሁለት ባለ 100 ዋት ስታበራ ከ16 አምፔር በላይ ይሄዳል። ያ ሁሉ በመሪው ስር ባለው የመብራት ማብሪያ በኩል ሲያልፍ አስቡት። ገመዱ ስለሚሞቅ ቮልቱ የባሰ ይወርዳል፤ ስለዚህ የተከፈለበት ዋት ብርሃን ሆኖ አይወጣም።

የዳሞቱ (ቡሬ)

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ያላችሁትን አደረግሁ።

መስታወቱ ፕላስቲክ ነው። ቢጫ ብሏል፣ የላይኛው ግማሽ ይብሳል። ባትሪው ላይ 13.9 ቮልት፣ ሶኬቱ ላይ 11.9። የግራውም የቀኙም ያው ነው።

ግድግዳው ላይ ግን ግራ ገባኝ። መስመሩ አለ፣ ቁርጥ ያለ ባይሆንም ይታያል። የሚነሳው ግን ወደ ግራ ነው። ቀስት ፈለግሁ፤ የለም። ኢ የሚለው ምልክትም የለም። ኮይቶ እና ጃፓን የሚል ብቻ ነው ያለው። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ መሆኑን የሸጠልኝ ሰው ነግሮኝ ነበር።

መብራት ሠሪው (ደብረ ማርቆስ)

ተገኘ በለው!

የቀስቱ ነገር የሚሠራው ኢ ያለበት መብራት ላይ ነው። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠራ መብራት ምልክቱ ላይኖረው ይችላል። ዳኛው ግድግዳው ነው። ጃፓን በግራ ነው የሚነዱት። ስለዚህ መብራቱ የግራውን ዳር እንዲያሳይ ነው የተሠራው። መሪውን ሲያዞሩ መብራቱን አላዞሩትም። ስለዚህ አንተ ላይ የሆነው ይሄ ነው፦ አህያውና ጋሪው ያሉበት የቀኝ ዳር ጨልሟል፣ ብርሃኑ የሚነሳው ደግሞ ከፊትህ በሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ ነው። ማስተካከያ ቪቴውን ብታዞረው መስመሩን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ታች ትወስደዋለህ እንጂ ቅርጹን አትለውጠውም። ቅርጹ ያለው መብራቱ ውስጥ ነው።

ቮልቱን ደግሞ ስሌቱን ሥራው። ከ13.9 ወደ 11.9 ማለት 14 በመቶ ማጣት ነው። ብርሃኑ ግን 40 በመቶ ገደማ ወርዷል። ኤች ፎር በመስፈርቱ በ13.2 ቮልት አጭሩ 1,000፣ ረጅሙ 1,650 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ያህል ይሰጣል። አንተ ጋ ያ አይደርስም። የደረሰውም በቢጫው ፕላስቲክ በኩል ያልፋል።

ስለዚህ ገንዘብህን እንዲህ አውጣ። መጀመሪያ፣ ግራ መሪ ላለው መኪና የተሠራ ሙሉ መብራት፣ ጥንዱን ከነቤቱ ፈልግ። የገልፍ አገር መኪኖች ላይ የሚገጠመው ለእኛ ይሆናል። ሱቅ ስትገባ የጃፓን ነው የሚለው ቃል አያስደስትህ፤ የግራ መሪ ነው ወይ ብለህ ጠይቅ። አሮጌ ከሆነ ሳትገዛው በሱቁ ባትሪ አስበራውና ግድግዳ ላይ እየው። ቢጫውን ማጽዳትም ቀረልህ። ከዚያ ሪሌ እናስገባለን፤ ከባትሪው በቀጥታ ለአምፖሉ ኃይል የሚያሳልፍ ማብሪያ ማለት ነው። አምፖል በመጨረሻ፣ መደበኛውን 60/55 ዋት፣ ጥንዱን አንድ ላይ።

ጡረታ የወጣሁት ሾፌር (ደብረ ማርቆስ)

ልጆቼ፣ ደስ የሚል ወሬ ይዛችኋል። አገራችንም ድሮ በግራ ነበር የሚነዳባት፤ ወደ ቀኝ የዞርነው በ1956 ዓ.ም. ነው። ያኔ መንገዱ ሲዞር መብራቱም መዞር ነበረበት። ዛሬ የሚመጣው መኪና ላይም ያው ሥራ አለ።

እኔ የምጨምረው ስለ ጭነት ነው። ይቺ መኪና ከኋላ በሞላ (በስፕሪንግ) ላይ ነው የምትቀመጠው። ባዶዋን ግድግዳ ላይ አስተካክለህ፣ ንጋት ላይ ጤፍ ጭነህ፣ ሰው ሞልተህ፣ ፖርቶ መጋላው (የጣሪያው ዕቃ መጫኛ) ላይ ዕቃ ደርድረህ ስትወጣ ኋላዋ ይወርዳል፣ አፍንጫዋ ይነሳል። ያ ያስተካከልከው 5 ሴንቲ ሜትር የት ሄደ? ሰማይ ሄደ። ስለዚህ ግድግዳው ፊት ስትቆም ሁልጊዜ የምትጭነውን ያህል ጫን። ሹፌሩም ወንበሩ ላይ ይቀመጥ።

ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ላይ ከዜሮ የሚጀምር ቁጥር ያለው የመብራት ማውረጃ ካለህ፣ ባዶ ስትሆን ዜሮ ላይ፣ ስትጭን ወደ ትልቁ ቁጥር። ብዙ ሹፌር ምን እንደሆነ ሳያውቀው መኪናው ያረጃል።

ዝቅ ማድረጉንም አታብዙት። መብራቱ ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ፣ በ5 ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል መስመሩ መሬት የሚነካው 80 ሜትር ላይ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ብታወርደው 40 ሜትር ላይ ይቀራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በደረቅ መንገድ እንኳ በ40 ሜትር አይቆምም።

እህተ ዳንግላ

ሰላም። እኔም አባዱላ አለኝ፣ ራሴ ነኝ የምነዳት። የእኔ ችግር ጉም ነው። እንጅባራና ቲሊሊ አካባቢ ክረምት ላይ ንጋት ላይ ነጭ ግድግዳ ውስጥ የገባሁ ያህል ነው። ረጅሙን ሳበራ ይብስብኛል። ቢጫ አምፖል ግጠሚ ይሉኛል። እውነት ይረዳል? ጋሸ፣ እርስዎ ያንን መንገድ ስለሚያውቁት ምን ይላሉ?

ጡረታ የወጣሁት ሾፌር (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ ረጅሙን በጉም አታብሪ። ጉም ማለት ጥቃቅን ውሃ ነው፤ የላክሽውን ብርሃን መልሶ ለዓይንሽ ይሰጥሻል። አጭሩ ይሻላል። ከእሱ የሚሻለው ከፓራውልቱ (ከፊት መከላከያው) ጋር ዝቅ ብሎ የተገጠመ የጉም መብራት ነው። ዝቅ ማለቱ ነው ዋናው ነገር። ሰፋ ብሎ፣ ከላይ ተቆርጦ፣ የመንገዱን ጠርዝና ነጩን መስመር ካሳየሽ ይበቃል። ቢጫውን ዓይኔ ያርፍበታል የሚል ሹፌር ብዙ አለ፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ቢጫውን ከላይ ሰቅለሽው ምንም አይጠቅምሽም።

ጣሪያ ላይ የሚደረደረውን ፓውዛ፣ ያንን ተጨማሪ ትልቅ መብራት፣ በጉም ጊዜ እርሺው። ከዓይንሽ በላይ የሚመጣ ብርሃን ጉሙን ነው የሚያሳይሽ።

መብራቱ ሩቅ ካላሳየሽ ደግሞ ፍጥነትሽን ቀንሺ። በምታይው ርቀት ውስጥ መቆም መቻል አለብሽ።

እህተ ዳንግላ

እሺ ጋሸ፣ እናመሰግናለን። ጣሪያው ላይ ልሰቅለው ያሰብኩትን ትቼ ታች አስገጥመዋለሁ።

የሞጣው መምህር

አንድ ነገር ብቻ ላክል። የፊት መስታወታችሁን ከውስጥ በኩል መቼ ነው የጠረጋችሁት? ሁሉም ከውጭ ያጥባል። ከውስጥ ግን የክሩስኮቱ ፕላስቲክ በፀሐይ ሲግል የሚተነው ቅባት፣ አቧራና የሰው ትንፋሽ ይለጠፍበታል። ቀን አይታይም። ማታ ከፊት መብራት ሲመጣ ሙሉው መስታወት ነጭ ይሆናል። የዝናብ መጥረጊያው ጎማም ሲያረጅ ቅስት ቅስት ጭረት ያወጣል፣ እያንዳንዱ ጭረት ብርሃን ይበትናል። ንጹህ ጨርቅና ጥቂት ሳሙና ነው የሚጠይቀው። ከዕድሜ ጋር ደግሞ ዓይን ከብርሃን ለመመለስ ጊዜ ይወስድበታል፤ የዓይን ምርመራም ማድረግ ነው።

ባለ ተሳቢው

መምህር የተናገሩት እውነት ነው። ከጠጠር መንገድ ወጥቼ አስፋልት ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ወርጄ መብራቱንና መስታወቱን መጥረግ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ ለመብራት ሠሪው። ቢጫ ሆኖ ነገር ግን የግራ መሪ የሆነ መብራት ያለውስ? በጥርስ ሳሙና ይለቃል ይላሉ።

መብራት ሠሪው (ደብረ ማርቆስ)

የጥርስ ሳሙናው ትንሽ ያነሳዋል፣ ግን ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል። ደህና አድርጎ ለሚሠራ፦ ዙሪያውን ቀለሙን በፕላስተር ሸፍን። የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስክ ከ800 ጀምር፣ ወደ 1500፣ ከዚያ 2000 ወይም 3000። መጀመሪያ ላይ የባሰ ይደበዝዛል፣ አትደንግጥ። የሚወርደው ውሃ ቢጫ ነው፤ ወደ ነጭ ሲቀየር አሮጌው ሽፋን አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኮምፓውንድ (በማለስለሻ ቅባት) ታሸዋለህ።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ፕላስቲኩ ግን አሁን ራቁቱን ነው። ጨረር የሚከላከል ጥርት ያለ ቀለም ካልተቀባበት በጥቂት ወራት ውስጥ ከበፊቱ የባሰ ቢጫ ይሆናል። በዚያው በትሪፕል ኤ ልኬት የታደሰው መብራት የአዲሱን 70 በመቶ ያህል ነው የሰጠው። ከ20 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነገር ነው። አዲስ የሚገዛበት ካለው ግን አዲሱ ይበልጣል።

የዳሞቱ (ቡሬ)

ማርቆስ ላይ የግራ መሪ መብራት ጥንዱን አገኘሁ። ኢ አለበት፣ ቀስት የለውም። ሱቁ ውስጥ አስበርቼ ግድግዳ ላይ አየሁት፤ መስመሩ ወደ ቀኝ ይነሳል። ሪሌውን ቡሬ ያለ ባለሙያ ሊሠራልኝ ነው። ምን ልበለው? አንዱ ዝግጁ ሆኖ የሚሸጠውን ገመድ ገጥሞ ረጅሙና አጭሩ ተደባልቆበት ሲቸገር አይቻለሁ።

መብራት ሠሪው (ደብረ ማርቆስ)

የተደባለቀበት ምክንያት ይሄ ይሆናል። ብዙ ቶዮታ ላይ ማብሪያው የሚቆርጠው ኔጌቲቩን ነው እንጂ ፖዘቲቩን አይደለም። ለሁለቱም ክሮች የጋራ የሆነው እግር ፖዘቲቭ ነው። ገበያ ላይ ያለው ዝግጁ ገመድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ተቃራኒውን ነው። ባለሙያው መጀመሪያ በቴስተር የአንተ የትኛው እንደሆነ ያረጋግጥ። ኔጌቲቭ የሚቆረጥ ከሆነ ለዚያ የተሠራ ገመድ ይግዛ፣ ወይም ራሱ ይሥራው።

ሁለት ሪሌ፣ አንዱ ለአጭሩ፣ አንዱ ለረጅሙ፣ 30 ወይም 40 አምፔር። ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣው ዋናው ገመድ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ከሪሌ ወደ አምፖል 2.5 ይበቃል። ፊውዙ ከባትሪው በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ይሁን። ፊውዝ ሩቅ ከሆነ፣ በመሃል ገመዱ ቢላጥና ብረት ቢነካ የሚያቆመው የለም። ሶኬቱም የሴራሚክ ቢሆን ጥሩ ነው። ኔጌቲቩ ቀለም ላይ እንዳይታሰር፤ ቀለሙ ተፍቆ እርቃኑን ብረት ላይ ይታሰርና ግሪስ ይቀባ። የድሮው ሶኬት ሪሌውን ማዘዣ ብቻ ስለሚሆን ማብሪያህም ያርፋል።

ሲጨርስ መብራቱ እየበራ በሁለት ቦታ ይለካልህ። ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሶኬቱ ፖዘቲቭ፣ ከሶኬቱ ኔጌቲቭ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ። ሁለቱ ተደምረው ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለባቸውም። ከበለጠ አንድ ቦታ መገናኛው ላልቷል፤ ገንዘብ ሳትከፍል እንዲፈልገው አድርግ።

የዳሞቱ (ቡሬ)

ገባኝ። ይሄን ወረቀት ላይ ገልብጬ እሰጠዋለሁ። የግድግዳውን ከሪሌው በኋላ ጭኜ አደርገዋለሁ፣ ጋሸ እንዳሉት።

ጡረታ የወጣሁት ሾፌር (ደብረ ማርቆስ)

ጎበዝ። ለክላውዶ (ለመኪና ቴክኒክ ምርመራ) ስትገባም መብራት መለኪያ መሣሪያ ካላቸው፣ የግራና የቀኙን ውጤት ለየብቻ እንዲነግሩህ ጠይቃቸው።